እንዴት ይሠራል? እርሳስ፣ ከሰልና የጋይንት ቁራ

ልጆች የቤት ሥራቸውን ጨርሰው ጥለውት የሄዱትን እርሳስ አንሡ። ቢያጥርም፣ ጫፉ ቢታኘክም ግድ የለም። ከምድጃው ዳር ደግሞ አንዲት የቀዘቀዘች ከሰል ውሰዱ። ጋይንት፣ ስማዳ ወይም እስቴ ለሚኖር ሰው በዙሪያው ያለውን ጭላዳ፣ ጅብራና ቁራ ልክ እንዳለ ለመሣል እነዚህ ሁለቱ ይበቃሉ። እንዴት እንደሚበቁ ለማየት ከእርሳሱ እንጀምር።

መጀመሪያ መስተዋት ላይ አንድ መስመር አስምሩ። ቀጥሎ ወረቀት ላይ። መስተዋቱ ላይ እርሳሱ ተንሸራቶ ያልፋል፤ ወረቀቱ ላይ ግን ጥቁር ምልክት ይተዋል። ወረቀት ለጣት ልስልስ ይምሰል እንጂ ከተጠላለፉ ጥቃቅን ቃጫዎች የተሠራ፣ ጉብታና ጎድጓዳ የሞላበት ነገር ነው። ጉብታው እርሳሱን ይፍቀዋል፤ ጎድጓዳው የተፋቀውን ይይዛል።

የሚፋቀው ግራፋይት ይባላል፤ ካርቦን ነው። ካርቦኑ የተቀመጠው ስስ ንጣፍ በንጣፍ ላይ እየሆነ፣ ሌማት ላይ እንደተደረደረ እንጀራ ነው። እያንዳንዱ ንጣፍ በራሱ ጥብቅ ቢሆንም ከሥሩ ካለው ጋር የተያያዘው ላላ ብሎ ስለሆነ፣ ትንሽ ሲነኩት ከላይ ከላይ ይነሣል።

ንጹሕ ግራፋይት ብቻውን ግን ቶሎ ይፈረፈራል። ፈረንሳይ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ገጥማ ከዚያ የሚመጣው ግራፋይት ሲቋረጥባት፣ ፈረንሳዊው ኒኮላ ዣክ ኮንቴ የግራፋይት ዱቄት ከሸክላ አፈር ጋር ለውሶ በእሳት ተኮሰው። ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1795 ነው፤ ዛሬም እርሳስ የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ሸክላው ሲበዛ እርሳሱ ይጠነክርና ይፈዝዛል፤ ሲያንስ ይለሰልስና ይጠቁራል። ተማሪ ቤት የምናውቀው ኤችቢ መካከለኛው ነው። ሠዓሊዎች የሚፈልጓቸው 2ቢ፣ 4ቢ እና 6ቢ ቁጥራቸው በጨመረ መጠን እየጠቆሩ ይሄዳሉ። እነሱን ካላገኛችሁ ኤችቢውን ጠበቅና ላላ እያደረጋችሁ ተጠቀሙ።

አሁን ወደ ሥዕሉ። አንድ እንቁላል መስኮት አጠገብ አስቀምጡና ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ ተመልከቱት። ዓይን ጨፈን ሲል ዝርዝሩ ይጠፋና ብርሃንና ጥላው ብቻ ይቀራል። ነጭ የምትሉት እንቁላል በመስኮቱ በኩል ብሩህ፣ በማዶው ግራጫ ነው። ከታች በኩል፣ ጥላው ውስጥ፣ ከጠረጴዛው ተንጸባርቆ የመጣ ደብዘዝ ያለ ብርሃንም አለ። እንቁላሉን የከበበ መስመር ግን የትም የለም።

ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚሠራው ያንን የሌለውን መስመር ማስመር ነው። ሥዕሉ ሕይወት የሚያጣውም እዚያው ላይ ነው። እንስሳም ሆነ ተራራ ለዓይን የሚታየው ብርሃን ካረፈበትና ካላረፈበት ቦታ ልዩነት ነው። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ወረቀቱ ጠርዝ ላይ አምስት ትንንሽ ሳጥኖች ሥሩ። የመጀመሪያውን ባዶ ተዉት፤ የመጨረሻውን እስከሚቻለው አጥቁሩት፤ መካከሉን ደረጃ በደረጃ ሙሉት። ስትሥሉ እያንዳንዱን ቦታ “ይህ ስንተኛው ሳጥን ነው?” እያላችሁ መዝኑት።

አምስተኛውን ሳጥን ስታጠቁሩ አንድ ችግር ይገጥማችኋል። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርጉት። ጥቁር ያላችሁት ቦታ ያብረቀርቃል። ተጭናችሁ በሣላችሁ ቁጥር የግራፋይቱ ንጣፎች እየተኙ፣ እየተስተካከሉ ስለሚሄዱ ብርሃን መልሰው ይረጫሉ። አጠገቡ ከሰሉን እሹበትና እንደገና አዘንብሉት። ከሰሉ አያብረቀርቅም፤ ብናኙ ሸካራና ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ብርሃኑን ውጦ ያስቀረዋል።

ለመሣያ የሚመች ቀጭን ከሰል እዚያው ቤት ይሠራል። የእርሳስ ያህል ውፍረት ያላቸውን ደረቅ ጭራሮዎች በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ደርድሩ። ክዳኑን በምስማር አንድ ጊዜ ብሱና ከድናችሁ ፍም ላይ አስቀምጡ። ጭሱ በቀዳዳው ወጥቶ ሲያልቅ አውርዱት፤ ጣሳው ጨርሶ ሳይቀዘቅዝ ግን አትክፈቱት። ጭራሮው አየር ስላላገኘ አመድ አይሆንም፤ ሌላው በጭስ ወጥቶ በአብዛኛው ካርቦኑ ይቀራል።

ከሰሉን የምትፈትኑበት ሞዴል ደጃፋችሁ ላይ አለ። ምንቃረ ወፍራሙን የደጋ ቁራ ልብ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ማጅራቱ ላይ ያለው ነጭ ምልክት ቀለም አያስፈልገውም፤ ቦታውን ሳትነኩ መተው ነው። በዙሪያው ያለው የከሰል ጥቁረት ራሱ ያነጣዋል። የምንቃሩ ጫፍም ነጭ ነው፤ እሱንም ሳትነኩ ተዉት። ክንፉ ላይ ግን ፀሐይ ያረፈበትን ሦስተኛ ሳጥን፣ ያላረፈበትን አምስተኛ አድርጉት።

ከሰሉን ስታበዙበት የዳቦ ልብ ቆርሳችሁ በጣታችሁ አድቦልቡሉና ተጫኑበት። ብናኙን አጣብቆ ያነሣዋል። የጎማ ላጲስ ሳይመጣ በፊት ሠዓሊዎች የሚያጠፉት በዳቦ ነበር። ሹል አድርጋችሁት የቁራውን የዓይን ብልጭታ ማውጣትም ይቻላል።

ጭላዳ ደግሞ ለጀማሪ የተመቸ ነው፤ የቀኑን ብዙ ሰዓት ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ስለሚውል አይቸኩልባችሁም። የወንዱን ጋማ ፀጉር በፀጉር አትቁጠሩ። መጀመሪያ ጥላውን በሰፊው አጥቁሩ፤ ፀጉር የምትሥሉት ጥላና ብርሃን በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ብቻ ነው። የቀረውን የተመልካቹ ዓይን ይሞላዋል።

ከጀርባው ተራራ ስታስገቡ ስማዳ ያላችሁ አፋፉ ላይ ቆማችሁ በሽሎን አሻግራችሁ የወሎን ተራሮች እዩ። ወረቀት በእርሳስ ጫፍ ብሱና በቀዳዳው በኩል መጀመሪያ የቅርቡን፣ ቀጥሎ የሩቁን ተመልከቱ። የሩቁ ይነጣል፤ በመካከላችሁ ያለው አየር ብርሃን እየበተነ ጥላውን ያደበዝዘዋል። እስቴ ሆናችሁ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚረዝመውን የጉና ተራራ ስትሥሉም ያው ነው፤ እንዲርቅ ከፈለጋችሁ ከሁለተኛው ሳጥን አትለፉ።

እንስሳትን በመሣል ስማቸው ከሚነሣ ሠዓሊዎች አንዱ አሜሪካዊው ሉዊስ አጋሲዝ ፉዌርቴስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 እና 1927 ከቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ጉዞ ጋር አገራችን መጥቶ አእዋፍና አጥቢ እንስሳትን ሣለ። የሞተ ወፍ የዓይኑ፣ የምንቃሩና የእግሩ ቀለም ቶሎ ስለሚጠፋ እዚያው ሜዳ ላይ ፈጥኖ ይይዘው ነበር። ወደ አገሩ በተመለሰ በጥቂት ወራት፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1927፣ መኪናውን ባቡር ገጭቶት ሞተ። አብረውት የነበሩት የኢትዮጵያ ሥዕሎች ግን ሳይጎዱ ተርፈው እ.ኤ.አ. በ1930 በሙዚየሙ ታተሙ።

ፉዌርቴስ ውቅያኖስ አቋርጦ የመጣለት ፍጥረት ለእናንተ ጎረቤት ነው። እሱ በጉዞ ላይ ሆኖ አየው፤ እናንተ በክረምትም በበጋም፣ በጠዋትም በማታም ታዩታላችሁ። አምስቷን ሳጥን ሥሩና ዛሬውኑ ጀምሩ። “መሣያ ዕቃ የለኝም” የሚለው ምክንያት፣ ቤቱ ምድጃ ላለው ሰው አይሠራም።