ስልኩ ላይ ከመድረሱ በፊት

በየመስጂዱ ያሉ ወጣቶቻችን ከሐዲስ ትርጉም ጀምሮ እስከ ረመዳን የኢፍጣር ሰዓት ሠንጠረዥ ድረስ ብዙ ነገር እያዘጋጁ ለሕዝበ ሙስሊሙ ያደርሳሉ። አላህ ኸይር ጀዛቸውን ይክፈላቸው። ሥራው የሚሠራው በአብዛኛው በኮምፒዩተር ሲሆን የሚነበበው ግን በእጅ ስልክ ነው። አዘጋጁ በሰፊ መስኮት ላይ አምሮ ያየው ገጽ እናቶቻችን በያዙት ትንሽ ስልክ ላይ ምን እንደሚመስል ሳይታይ ይለቀቃል። ማስታወቂያ ቢበላሽ ብዙ አይጎዳም። የቁርኣን አንቀጽ ፊደሉ ተቆራርጦ ወይም ምልክቱ ወድቆ ሲደርስ ግን አማና የተባለው ነገር ይነካል። በመሆኑም በዚህ ዕትማችን ኢሙሌተር ስለሚባለው፣ በኮምፒዩተር ውስጥ ስልክን አስመስሎ ስለሚያሳይ ሶፍትዌር እናወጋችኋለን።

ቀላሉ መንገድ ክሮም በሚባለው ማሰሻ ውስጥ ይገኛል። ገጹን ከፍተው ኤፍ 12 የሚለውን ቁልፍ ሲጫኑ የሥራ መሣሪያዎቹ ይወጣሉ። ከእነርሱ መካከል የስልክ ሥዕል ያለበትን ሲነኩ ገጹ በስልክ ስፋት ይጠባል። የስልኩን ዓይነት መምረጥ፣ አግድም ማዞር፣ ኢንተርኔቱንም ሆን ብሎ ማዘግየት ይቻላል። ይህ የመጨረሻው ለእኛ አገር በጣም ይጠቅማል፤ በከተማ መስመር ወዲያው የሚከፈት ገጽ በደካማ መስመር ስንት ደቂቃ እንደሚያስጠብቅ ያሳያልና።

ነገር ግን እዚህ ላይ ብዙዎች ይታለላሉ። ይህ መሣሪያ የስልኩን ስፋት ይዋስ እንጂ ፊደሉን የሚስለው ያው ኮምፒዩተሩ ነው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ቪዥዋል ግዕዝን በመሰሉ የቀድሞ ፊደላት የተተየቡ ጽሑፎች ዛሬም በየቢሮው አሉ። የድሮው ፊደል በተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ ገጹ አማርኛ ሆኖ ይታያል፤ ስልክ ላይ ሲደርስ የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ይሆናል። ቁርኣንም እንዲሁ ነው። በመዲና የሚገኘው የንጉሥ ፋህድ የቁርኣን ማተሚያ ያዘጋጀው የዑስማኒ ፊደል አዘጋጁ ኮምፒዩተር ላይ ካለ ሁሉም ልክ ይመስላል። ፊደሉ ከገጹ ጋር ካልተላከ ግን ስልኩ በራሱ ፊደል ይተካውና የወቅፍ ምልክቶቹ ባዶ ሣጥን ወይም ነጠብጣብ ክብ ሆነው ሊወጡ ይችላሉ።

ስለዚህ ሁለተኛውን መንገድ እንመርጣለን። አንድሮይድ ስቱዲዮ የሚባለው የጉግል ሶፍትዌር በነፃ የሚገኝ ሲሆን በውስጡ ያለው ኢሙሌተር እውነተኛውን የአንድሮይድ ሥርዓት ኮምፒዩተር ውስጥ ያስኬዳል፤ ፊደሉም የሥርዓቱ የራሱ ነው። አሮጌውንም አዲሱንም አንድሮይድ መጫን ይቻላል። ጉዳቱ ክብደቱ ነው፤ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ኮምፒዩተር እያቃሰተ ነው የሚያስኬደው። ለአይፎን ደግሞ የአፕል ሲሙሌተር አለ፤ እርሱ የሚሠራው ማክ ላይ ብቻ ነው።

ኢሙሌተሩ ሲከፈት ምን እንይ? በቅድሚያ ዓረብኛው ፊደል ለፊደል ተያይዟል ወይስ ተበጣጥሷል? ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል? አማርኛና ዓረብኛ በአንድ መስመር ሲገናኙ ቅንፉና የአንቀጽ ቁጥሩ ቦታ ይቀያየራሉ፤ ይህ በተደጋጋሚ የሚታይ ችግር ነው። አንቀጹን በእጅ መተየብም አይገባም፤ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታንዚል የተባለው ሥራ ተመርምሮ የታረመ የቁርኣን ጽሑፍ ያቀርባል። አማርኛው ደግሞ ሲያንስ ቡ ከቢ፣ ሩ ከሪ አይለይም፤ ዓይናቸው ለደከመ አባቶች ከላቲኑ ከፍ ያለ መጠን ያስፈልገዋል።

የሶላት ሰዓትና የቂብላ ፕሮግራም ለሚሠሩ ወጣቶች ኢሙሌተሩ ሌላ ጥቅም አለው። ከወንበር ሳይነሱ ስልኩ የትም አገር እንዳለ ማስመሰል ይቻላል። ኬክሮስ 9.03 ሰሜን፣ ኬንትሮስ 38.74 ምሥራቅ ብለው ሲሰጡት አዲስ አበባ ነው፤ የቂብላው ቀስት ከእውነተኛው ሰሜን ወደ ምሥራቅ 5 ዲግሪ ያህል ብቻ ዘንበል ማለት አለበት። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባትን ዋሽንግተንን ሲሰጡት ደግሞ 56 ዲግሪ ገደማ ወደ ምሥራቅ ይዞራል። ከዚህ ከራቀ ስሌቱ ይታረም። በአሜሪካ ሰዓት በማርችና በኖቬምበር አንድ ሰዓት ስለሚዛወር የስልኩን ቀን ወደ ፊት ገፍቶ ማየት ነው። ለአገር ቤት አንባቢም ዙህር 12:25 ተብሎ ቢጻፍ በእኛ አቆጣጠር ከመግሪብ ሰዓት ጋር ይምታታበታልና 6:25 የሚል ምርጫ ይኑር።

ሆኖም ኢሙሌተር ኮምፓስ የለውም፤ አቅጣጫውን የሚሰጠው በእጅ ነው። እውነተኛው ስልክ ግን በብረት አጠገብ ወይም ማግኔት ባለው ሽፋን ውስጥ ሲሆን ቀስቱ ይስታል። ስለዚህ ሥራው ከኢሙሌተር ሲወጣ ቢያንስ በሁለት ስልኮች፣ አንዱ በቤት ውስጥ ካሉት ሁሉ አሮጌው በሆነው ላይ ይታይ። የቁርኣን አንቀጽ ያለበት ገጽ ከሆነ ደግሞ ስልኩን ለአንድ ሓፊዝ ሰጥቶ፣ ሙስሐፉን አጠገቡ ዘርግቶ፣ ፊደል በፊደል ማስነበብ ነው። ለአንድ ገጽ ከሩብ ሰዓት ብዙም አይበልጥም።