ስፖርት መኪና በበረዶ አገር

በዲፓርትመንታችን ስለ ስፖርት መኪና ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው ፍጥነት ነው፤ ስንት ይበራል፣ በስንት ሰከንድ መቶ ይገባል። እኔ ግን ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ስለ መቆም ነው። ሚኒያፖሊስ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ያለችው አንዲት ያገለገለች ሙስታንግ ብቻ ናት። ገና ሳይነጋ ሥራ የሚገባው በእሷ ነው፤ ሌላ መኪና የሚገዛበት አቅም የለውም። «አውቶሞቲቭ አይደል የምትማረው? በበረዶ ልንዳት ወይስ ልሽጣት?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሱ ባጭሩ «ትነዳለች፤ ጎማዋ ከተቀየረ» ነው። ምክንያቱን አንድ በአንድ እንየው።

1. ጎማ

መኪናን ከመሬት ጋር የሚያገናኙት አራቱ ጎማዎች ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዱም መሬቱን የሚነካው የእጅ መዳፍ በሚያህል ቦታ ነው። የሰበቃው መጠን በደረቅ አስፋልት ላይ ወደ 0.8 ይጠጋል። በተረገጠ በረዶ ላይ ግን 0.2 ገደማ ነው፣ በግግር በረዶ ላይ ደግሞ ወደ 0.1 ይወርዳል። ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት፤ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ከተያዘ በኋላ በደረቅ መንገድ 12 ሜትር ገደማ ከበቃው፣ በበረዶ ላይ ወደ 50 ሜትር ይፈልጋል። በፊቱ እግረኛ ቢኖርስ?

የስፖርት መኪና የበጋ ጎማ የሚሠራው ለሙቅ አስፋልት ነው። ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ ላስቲኩ እየደረቀ መንገዱን መያዝ ያቅተዋል። የበረዶ ጎማ ግን በብርድም ለስላሳ ነው፤ ጥርሱ ላይ ያሉት ቀጫጭን ስንጥቆችም በረዶውን ይነክሳሉ። ምልክቱ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ ውስጥ ያለ የበረዶ ቅንጣት ነው። በካናዳ የኪቤክ ክፍለ ሀገር ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በብርዱ ወራት ይህን ጎማ ማሰር በሕግ ግዴታ ነው። ሰፊ ጎማ ያምራል እንጂ በረዶ ላይ መንሳፈፍ ይወዳል፤ ጠበብ ያለው ሰንጥቆ ይገባል። ስለዚህ ለወንድሜ የመከርኩት ጠበብ ያለ የበረዶ ጎማ ከነቸርኬው አራቱንም እንዲገዛ ነው። ከሌላ መኪና ይረክሳል፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ስለሚያርፍም ሁለቱም ዕድሜያቸው ይረዝማል።

2. በየትኛው እግር ይስባል?

ሙስታንግ ሞተሯ ከፊት፣ የምትስበው በኋላ እግር ነው። የኋላው ቀላል ስለሆነ ነዳጅ ሲረገጥ ጎማው ዝም ብሎ ይሽከረከራል። አንዳንድ ሰዎች ለዚህ ብለው ከኋላ የዕቃ መጫኛው ውስጥ የአሸዋ ከረጢት ይጭናሉ። ፖርሽ 911 ደግሞ የምትስበው በኋላ እግር ቢሆንም ሞተሯ እዚያው ጎማዎቹ ላይ ተቀምጧል፤ ክብደቱ ጎማውን መሬት ላይ ይጫነዋል። በበረዶ የሚታወቀውን የሞንቴ ካርሎ ራሊ በ1968፣ 1969 እና 1970 (እ.ኤ.አ.) ያሸነፈችው 911 ናት። ይሄ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሰፈራችን የምናውቃት ቮልስም አሠራሯ ይኸው ነው። ጭቃ ዳገት ላይ ቮልስ የምትወጣው በጉልበት ሳይሆን በክብደት አቀማመጥ ነው። ጉዳቱ ግን መታጠፊያ ላይ እግርን ከነዳጅ በድንገት ማንሳት ነው፤ ያኔ ከባዱ ጀርባ ወደ ውጭ ይወረወራል።

በአራት እግር የሚስብ መኪና ለመነሳት ይረዳል፤ ለመቆም ግን ምንም አይጨምርም። ፍሬን ሲያዝ ሁሉም መኪና በአራቱም ጎማ ነው የሚቆመው።

3. ብርድና ጨው

እኛ ራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ውሃ ሞልተን እንነዳለን። እዚያ እንዲህ ቢደረግ ውሃው ሲረጋ 9 በመቶ ያህል ስለሚሰፋ የሞተሩን ብሎክ ይሰነጥቀዋል፤ ፀረ በረዶ ፈሳሽ የግድ ነው። የባትሪም አቅም በብርድ ይወርዳል። የጎማ ነፋስም ሙቀቱ በ6 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር 1 ፒኤስአይ ያህል ይጎድላል። በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ደግሞ ሻንሲውን ያዝገዋል፤ ከሥር ማጠብ ያስፈልጋል። ዝቅ ያለች መኪና ከሆዷ በላይ የተከመረ በረዶ ውስጥ ከገባች ጎማዋ ተንጠልጥሎ ትቀራለች፤ እንዲህ ያለ ቀን በአውቶቡስ መሄድ ይሻላል።

4. ለእኛስ?

«ዊንጌት በረዶ የለም፣ ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ሐምሌ ላይ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ዳገት፣ ወይም ዝናብ የመታውን ኮብልስቶን አስቡት። በረዶ ከጣለ በኋላ ያ መንገድ እንደ ሳሙና ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ ሰበቃው ሲቀንስ መቆሚያው ይረዝማል። እኛ ግን ጎሚስታ ጋ የምንሄደው ጎማ ሲተነፍስ እንጂ ጥርሱ ሲያልቅ አይደለም። ብዙ አገሮች ዝቅተኛው የጥርስ ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ወስነዋል፤ ለበረዶ ደግሞ 4 ሚሊ ሜትር ይመከራል።

ዳገት ስትወርዱ ማርሽ ቀድማችሁ ቀንሱ፤ መሪውንም፣ ፍሬኑንም፣ ነዳጁንም በቀስታ። ለልምምድ ወርክሾፕ የሚገባ መኪና ሲመጣም ኮፈኑን ከመክፈታችን በፊት ጎንበስ ብለን የጎማውን ጥርስ እንለካ። ባለቤቱ የመጣው ለሞተር ቢሆንም፣ ሕይወቱ ያለው እዚያች መዳፍ በምታህል ላስቲክ ላይ ነው።