አፍንጫዬን እንደገና ላሠራው?

ከንፈራቸው ተሰንጥቆ የተወለዱ ልጆች በሕፃንነታቸው ቢታከሙም፣ እያደጉ ሲሄዱ አፍንጫቸው ሊጣመም ይችላል። ጋብቻ ሲቃረብ ታዲያ ጥያቄ ይነሣል።

«መቼ ላሠራው?» የፊት አጥንት እድገቱን ይጨርስ፤ ይህም ለሴት እስከ 16፣ ለወንድ እስከ 18 ዓመት ግድም ነው። አፍንጫው ቀደም ብሎ ተሠርቶ ከሆነም አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ያህል ይጠበቃል፤ እብጠቱ የሚጎድለው ቀስ በቀስ ነውና። የሠርግ ቀን ቆርጣችሁ ሐኪሙን አታጣድፉ።

«ሁለተኛው ለምን ይከብዳል?» የቀድሞው ጠባሳ ሥራውን ያውካል። የአፍንጫው ለስላሳ አጥንት ካልበቃ ከጆሮ ወይም ከጎድን ይወሰዳል።

«ትንፋሼስ?» ከመልኩ አስቀድማችሁ ይህን ጠይቁ። በጉለሌ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የአንገት በላይ ሐኪሞች አሉ፤ ስድስት ኪሎ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታልም በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ይታወቃል።

እጮኛሞች ሆይ፣ «ይህን የምናደርገው ለማን ብለን ነው?» ተባባሉ። አንዱ ሌላውን ገፋፍቶ ከሆነ ይቆይ። ባለቤቱ ራሱ ከፈለገው ግን ሐኪሙ ዘንድ አብራችሁ ግቡ፤ የሚለውንም ሁለታችሁ ስሙ። እንከን የሌለው አፍንጫ እሰጣለሁ ብሎ ቃል የሚገባ ሐኪም ቢገጥማችሁ፣ ሌላ ሐኪም ጠይቁ።