ሴት ኪልት ስትመርጥ ማወቅ የሚገባት ነገር

በብሪታንያ ደሴት ሰሜናዊ ክፍል በምትገኘው በስኮትላንድ ኪልት የሚባል የታወቀ ልብስ አለ። ይኸውም እንደ ሽርጥ በወገብ ዙሪያ ተጠምጥሞ የሚታሰር፣ ከፊት ልሙጥ፣ ከኋላ ግን በብዙ ሽንሽን የተሰፋ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ የሱፍ ልብስ ነው። ዝናው የወንድ ልብስ በመሆኑ አንዲት ሴት ልትገዛው ስትነሣ ሁለት ጥያቄ ይገጥማታል፤ አንደኛው «ልለብሰው ይገባኛልን?» ሁለተኛውም «የትኛው ይስማማኛል?» የሚል ነው። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ሲከራከር ሁለተኛውን ይረሳዋል። ገንዘብ በከንቱ የሚጠፋው ግን በሁለተኛው ነው። ከዚህ ቀጥሎ ሁለቱንም በአጭሩ እገልጻለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የስኮትላንድ ደገኞች ወንዶች መላ ሰውነትን የሚሸፍን ረጅም ሱፍ ሸንሽነው በቀበቶ ይታጠቁ ነበር። አጭሩ ኪልት የመጣው በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው። ሴቶቹ ደግሞ አሪሴድ የሚባለውን እንደ ጋቢ ሰፊ የሆነ ልብስ ተጎናጽፈው ወገባቸውን ይታጠቁ ነበር። በ1746 በዐመፅ የተነሡት ደገኞች ኩሎደን ላይ ድል ከሆኑ በኋላ የብሪታንያ ፓርላማ የደገኞችን ልብስ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ሕጉን የተላለፈ ስድስት ወር እንዲታሰር፣ ቢደግም ለሰባት ዓመት ወደ ባሕር ማዶ እንዲጋዝ ታዘዘ። ሕጉ የተናገረው ግን ስለ ወንዶች ብቻ ነበር፤ ሴቶችን አላነሣም። በ1782ም ተሻረ።

ከዚያ ወዲህ ልማዱ ብዙ ተለውጧል። በስኮትላንድ የጭፈራ ውድድር ልጃገረዶች መግባት ሲጀምሩ እንደ ወንዶቹ ኪልት ለበሱ። እርግጥ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአቦይን ከተማ በሚደረገው ውድድር ሴቶች ኪልት እንዳይለብሱ ተከልክሎ ነበር፤ ከዚህም የተነሣ በከተማይቱ ስም የሚጠራ የሴቶች ቀሚስ መጣ። ዳሩ ግን ክልከላው በሌላው ስፍራ ኪልትን ከሴቶች ላይ አላስወለቀም። ዛሬ ከጨፋሪዎቹ የሚበዙት ሴቶች ናቸው። ባግፓይፕ በሚባለው ባለአቁማዳ የትንፋሽ መሣሪያ ጓድ ውስጥ የሚጫወቱ ሴቶችም ከወንዶቹ ጋር አንድ ዓይነት ኪልት ይለብሳሉ። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ በዚህ ተመልሷል።

ወደ ሁለተኛው እንለፍ። አስቀድሞ ለምን እንደሚፈለግ መወሰን ያስፈልጋል። ለዘወትር ልብስ የሚሆነው ቀለል ያለው ባለሽንሽን ጉርድ ነው፤ እርሱም እንደ ድሮው ልማድ በግራ በኩል ይከፈታል። ለጭፈራ ወይም ለሙዚቃ ጓድ የሚፈለገው ግን እንደ ወንዶቹ በቀኝ በኩል የሚዘጋው ዋናው ኪልት ነው። ይህን ሳይለዩ መግዛት ልብሱን ሣጥን ውስጥ ያስቀራል።

ቀጥሎ የሚመጣው ልክ ነው። የወንድ ኪልት የሚሰፋው ወገቡና ዳሌው እምብዛም ለማይራራቅ ሰውነት ነው። ስለዚህ አንዲት ሴት ለወንድ የተሰፋ ኪልት ብትገዛ፣ ለዳሌዋ ሲበቃ ወገቧ ላይ ይሰፋታል፤ ለወገቧ ሲበቃም ዳሌዋ ላይ ይጠብና ሽንሽኑ አፉን ይከፍታል። ብልህ ሰፊ እያንዳንዱን ሽንሽን ከዳሌ ወደ ወገብ እያጠበበ በመስፋት ልዩነቱን ይሸፍነዋል። ለዚህም ሦስት ልክ ይበቃዋል፤ የወገብ ዙሪያ፣ ዳሌ በሚሰፋበት በኩል ያለው ዙሪያ፣ እንዲሁም ከወገብ እስከ ጉልበት መካከል ያለው ርዝመት። ኪልት ከታች ስለማይቀመቀም ርዝመቱ ከመሰፋቱ በፊት በትክክል መለካት አለበት።

የጨርቁም ክብደት መታየት ይገባዋል። ለአንድ የወንድ ኪልት እስከ 8 ያርድ፣ ማለት 7 ሜትር ያህል፣ ሱፍ ይገባበታል። ሱፉም በያርድ ከ10 እስከ 16 አውንስ ይመዝናል። ከባዱ ሽንሽኑን አሳምሮ ይይዛል፤ ነፋስም አይገልበውም። ነገር ግን ለሚጨፍርና ብዙ ለሚራመድ ያደክማል። ለዘወትር ልብስ ቀላል ሱፍና አነስ ያለ ያርድ ይበቃል።

በመጨረሻ የቀለሙ ነገር አለ። ታርታን የሚባለው የመስመሮች አጣጣል በየጎሳው ስም የሚጠራ ቢሆንም፣ የሌላውን ጎሳ ታርታን የለበሰውን የሚቀጣ ሕግ የለም። የንጉሣዊው ቤተ ሰብ የሆነውን የባልሞራልን ታርታን ግን ሌላ ሰው እንዳይለብሰው ልማዱ ይከለክላል። ከ2009 ጀምሮ መንግሥት የታርታን መዝገብ አቋቁሞ አዳዲሶቹን ጭምር ይመዘግባል። ስለዚህ የምትወደውን ቀለም መምረጥ ትችላለች።

በእጅ የተሰፋ ጥሩ ኪልት ዋጋው ውድ ነው። ነገር ግን በሽንሽኑ ውስጥ ብዙ ጨርቅ ስላለ፣ ባለቤቷ ብትወፍር ወይም ብትከሳ ሰፊው ፈትቶ ሊያስተካክለው ይችላል፤ ለልጇም ሊተርፍ ይችላል። በችኰላ ከተገዛ ሦስት ርካሽ ኪልት ይልቅ ተለክቶ የተሰፋ አንድ ኪልት ይሻላል። «ይህ የወንድ ነው» የሚላትን ሰው ቃል ከመስማቷ በፊት የልብስ ሰፊውን ሜትር ብታምን ትጠቀማለች።