መንገድ ከፋቾቹ

በማለዳ ቤተሰብዎን ይዘው ወደ እንጦጦ ማርያም ከወጡ፣ በባሕር ዛፉ መካከል ተከታትለው የሚሮጡ አትሌቶችን ማየትዎ አይቀርም። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። እኛ ጥቂት ዳገት ወጥተን ቁና ቁና ስንተነፍስ እነሱ ያልፉናል። ልጆች ይህን ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት «አንደኛው ማነው?» ብለው ነው፤ ወዲያውም ከፊት ያለውን ይጠቁማሉ።

ነገር ግን ከፊት የሚሮጠው ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ሰው አይደለም። አንዳንዴ ፍጥነቱን የሚጠብቅ፣ ነፋሱን ቀድሞ የሚቀበል፣ ለሌላው የሚሠራ ሰው ነው። በሩጫው ዓለም «አሯሯጭ» እንለዋለን። ስሙን ግን ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

አሜሪካ ዘመድ ካለዎት፣ እዚያ ያሉ ልጆች በትምህርት ቤትና በኮሌጅ የሚጫወቱትን የአሜሪካን ፉትቦል በቴሌቪዥን አይተው ይሆናል። በዚያ ጨዋታ «ኦፌንሲቭ ላይን» የሚባሉ አምስት ግዙፍ ተጫዋቾች አሉ። ሥራቸው ኳሷን የሚወረውረውን ኳርተርባክ ከተቃራኒ ቡድን መከላከልና ኳስ ይዞ ለሚሮጠው መንገድ መክፈት ነው። በተለመደው አሰላለፍ ወደፊት የተወረወረ ኳስ እንዲቀበሉ ሕጉ አይፈቅድላቸውም። ስለዚህ አንድ ወጣት የኮሌጅ ዘመኑን በሙሉ በዚህ ቦታ ተጫውቶ አንድም ነጥብ ሳያስቆጥር ሊመረቅ ይችላል። ስሙ በብዛት የሚጠራው ጥፋት ሲሠራ ነው። ያም ሆኖ አሠልጣኞች ይህን ቦታ ሳያጠናክሩ ቡድን አይገነቡም። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኮሌጅ ውድድር የሚሰጠው የጆ ሙር ሽልማትም ለአንድ ተጫዋች ሳይሆን ለምርጡ ኦፌንሲቭ ላይን በሙሉ የሚበረከት ነው። አንዱ ከተሳሳተ የአራቱ ልፋት ከንቱ እንደሚሆን ሁሉም ያውቃሉ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ታሪክ አይደለም። ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ላይ ሦስት ኢትዮጵያውያን ተሰልፈው ነበር፤ ምሩጽ ይፍጠር፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ። ከተቀናቃኞቻቸው መካከል በ1972 እና በ1976 እ.ኤ.አ. ኦሊምፒኮች 5,000ና 10,000 ሜትርን ያሸነፈው ፊንላንዳዊው ላሲ ቪረን ይገኝ ነበር። ሦስቱ እየተፈራረቁ መሩ፤ ፍጥነቱን እየጨመሩና እየቀነሱ ፊንላንዳውያኑን አደከሙ። በመጨረሻው ዙር ምሩጽ ተፈተለከና ወርቁን ወሰደ። መሐመድ ሦስተኛ ወጥቶ ነሐስ አገኘ። ቶሎሳ አራተኛ ነበር፤ ከምሩጽ የዘገየው ከአራት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው። ሜዳሊያ ግን አላገኘም። በኋላ አሠልጣኝ ሆኖ ለሌሎች መንገድ መክፈቱን ቀጠለ። የምሩጽን ስም ሕፃን አዋቂው ያውቃል። የቶሎሳን ስም ልጆችዎ ያውቁታል?

በ1996 ዓ.ም. ደግሞ በአቴንስ ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን በጉዳት ላይ የነበረውን ኃይሌ ገብረ ሥላሴን እንዲደርስባቸው ፍጥነታቸውን ቀንሰው ሲጠብቁት ዓለም አይቷል። ኃይሌ አምስተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር ወሰዱ። ስለሺ በ2005ና በ2007 እ.ኤ.አ. የዓለም ሻምፒዮናዎች፣ ከዚያም በቤጂንግ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር በድጋሚ ከቀነኒሳ ቀጥሎ ብር አግኝቷል። ስለሺ ለማሸነፍ የሚሮጥ ታላቅ አትሌት ነበር። ሁለተኛ መውጣቱ ታላቅነቱን አልቀነሰውም።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ሰርተፍኬት ሲወጣ ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው የት ነው? «ደረጃ» የሚለው ላይ። አጎት ሲመጣ «ስንተኛ ወጣህ?» ይላል፤ ጎረቤትም እንዲሁ። በሃምሳ ልጆች ክፍል ውስጥ አንደኛ የሚወጣው አንድ ብቻ ነው፤ አርባ ዘጠኙ አንገታቸውን ደፍተው ቤት ይገባሉ ማለት ነው። ከእነዚህ መካከል ጓደኛውን ሒሳብ ያስረዳ፣ የቡድን ሥራውን የጨረሰ፣ በትምህርት ቤቱ ቡድን ተከላካይ ሆኖ ግብ ያዳነ ልጅ አለ። ለዚህ ሥራው ሰርተፍኬቱ ላይ ቦታ የለውም።

እኔ በምሠራበት የማርኬቲንግ ሙያ አንድ ምርት ሲተዋወቅ መድረክ ላይ የሚወጣው አንድ ሰው ነው። ሥራው የሚበላሸው ግን ከኋላ ያለው ሰው አንድ ቀን ሲቀር ነው። ልጆቻችን አድገው የሚገቡበት የሥራ ዓለም ይኸው ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ይሞክሩ። አንደኛ፣ ከ«ስንተኛ ወጣህ?» በፊት «ዛሬ ማንን አገዝክ? አንተንስ ማን አገዘህ?» ብለው ይጠይቁ። ሁለተኛ፣ ልጅዎ ሲጫወት ለማየት ሲሄዱ ኳሷን ብቻ ሳይሆን ልጅዎን ይመልከቱ፤ ቤት ስትገቡም ያዩትን በዝርዝር ይንገሩት። «ጎበዝ» ከማለት ይልቅ «ጓደኛህ ሲወድቅ ቦታውን ሸፈንክለት» ማለት ይበልጣል። ሦስተኛ፣ ልጅዎ አንደኛ ሲወጣም ያገዙትን በስም እንዲያመሰግን ያስለምዱት።

ይህ ማለት ግን ልጅን ሁልጊዜ ከኋላ ማስቀመጥ አይደለም። ሌላውን የሚያግዝ ልጅም የራሱ ሕልም አለው፤ ተራው ሲደርስ እንዲፈተለክ ማበረታታት የወላጅ ድርሻ ነው። የሚያስፈልገው ተራው እስኪደርስ የሚሠራው ሥራ ዋጋ እንዳለው ከሚወደው ሰው አፍ መስማት ነው። ያንን ቃል የሚነግረው ሰርተፍኬቱ ሳይሆን እርስዎ ነዎት።