ፍሪሲዮን ሲቀየር ቮላኖው ምን ይሁን?

ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ ሸለቆ የወረደ የጭነት መኪና ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን ሲያቀና ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ መውጣት ይጠብቀዋል። በዚያ ሁሉ ዳገት የሞተሩ ጉልበት ጎማው ዘንድ የሚደርሰው፣ የፍሪሲዮኑ ሸራ ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረውን ከባድ የብረት ክብ፣ ማለትም ቮላኖውን፣ አጥብቆ ሲይዝ ነው። ሸራው ሲያልቅ መቀየሩን የሚዘነጋ ባለንብረት የለም። ቮላኖው ግን «ብረት ምን ይሆናል?» ተብሎ ሳይመረመር የሚታለፍበት ጊዜ ብዙ ነው።

የዚህ ቸልታ ዋጋ ቀላል አይደለም። በተጎዳ ቮላኖ ላይ የተገጠመ አዲስ ሸራ ቶሎ ያልቃል፤ መኪናው ሲነሣ ይንቀጠቀጣል፤ ጭነት ሲበዛበት ደግሞ ይንሸራተታል። ያን ጊዜ ካምቢዮው ዳግመኛ መውረድ አለበት። የዕለት ገቢው በአንድ ሚኒባስ ላይ ለተመሠረተ ቤተሰብ፣ ከመለዋወጫው ዋጋ ይልቅ የሚከብደው ተሽከርካሪው ጋራዥ ቆሞ የሚውልባቸው ቀናት ናቸው።

ቮላኖ ሥራው ሸራ መሸከም ብቻ አይደለም። ባለአራት ሲሊንደር ሞተር ጉልበት የሚያገኘው በየግማሽ ዙሩ በሚፈጠር ፍንዳታ ነው። በፍንዳታዎቹ መካከል ሞተሩ እንዳይንገጫገጭ የሚያደርገው የቮላኖው ክብደት ያጠራቀመው ኃይል ነው። በጠርዙ ዙሪያ ያሉት ጥርሶችም ሞተሪኖው ሞተሩን ለማስነሣት የሚይዛቸው ናቸው።

ካምቢዮው በወረደ ጊዜ መካኒኩ የቮላኖውን ፊት አጽድቶ በብርሃን ሊያየው ይገባል። ሰማያዊ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ የከፍተኛ ሙቀት ምልክት ነው። ዳገት ላይ ፍሬን ከመያዝ ይልቅ መኪናውን በፍሪሲዮን አንጠልጥሎ ማቆየት፣ በብዙ አሽከርካሪዎች ዘንድ የተለመደው ይህ ልማድ፣ ዋነኛ መንሥኤው ነው። እነዚህ ነጠብጣቦች የቀለም ለውጥ ብቻ አይደሉም፤ ብረቱ ግሎ ሲቀዘቅዝ ውስጣዊ አወቃቀሩ ስለሚለወጥ ቦታው ከአካባቢው ይልቅ ይጠነክራል። የሸራው ሪቬቶች የፈጠሩት ጉድጓድና ጭረትም በጣት ይዳሰሳል። ጥልቅ ስንጥቅ ከታየ ግን ምርጫ የለም፤ ቮላኖው ይጣላል። በከፍተኛ ፍጥነት ሲሽከረከር ቢፈነዳ የካምቢዮውን ቤት በስቶ ሰው ሊጎዳ ይችላል።

ስንጥቅ ከሌለ ፊቱን ማስላግ ይቻላል። ብዙዎች ወደ ቶርኖ ቤት ይወስዱታል፤ ነገር ግን የቶርኖው ስለት የጠነከሩት ነጥቦች ላይ ሲደርስ ገፋ ብሎ ያልፋቸዋልና ትንንሽ ጉብታዎችን ሊተው ይችላል። በሚሽከረከር የመሞረጃ ድንጋይ የሚሠራ ማሽን ካለ የተሻለ ነው። የአንዳንድ መኪኖች ቮላኖ ሸራው የሚያርፍበትና ሸራውን የሚጫነው ሳህን የሚታሰርበት ቦታ በከፍታ ይለያያል። እዚህ ላይ ከአንዱ የተነሣው ያህል ከሌላውም ካልተነሣ፣ ሳህኑ ሸራውን የሚጫንበት ኃይል ይዛባል። አምራቹ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ውፍረትም አለ፤ ከዚያ በታች የሳሳ ቮላኖ ሙቀት መሸከም ያቅተዋል።

መቀየር ግድ ሲሆን ክብደቱ፣ የጥርሶቹ ቁጥርና የብሎን ቀዳዳዎቹ አቀማመጥ ከአሮጌው ጋር ይመሳከር። ቀለል ያለ ቮላኖ ሞተሩን በፍጥነት ያስጮኸዋል፤ ለእሽቅድምድም ይመቻል። ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ለሚነሣ መኪና ግን አይበጅም፤ ሞተሩ ቶሎ ይጠፋል።

በበርካታ ዘመናዊ የናፍጣ መኪኖች የሚገኘው ቮላኖ ደግሞ በመካከላቸው ሞላ ያለባቸው ሁለት ክቦች ነው። ይህ ዓይነቱ በአብዛኛው አይላግም። ሁለቱ ክቦች ከልክ በላይ የሚዋዥቁ ከሆነ ይቀየራል፤ ዋጋውም ከተራው እጅግ ይበልጣል። በወጪው ምክንያት በአንድ ወጥ ክብ የሚተኩት አሉ፤ ሞላዎቹ ያበርዱት የነበረው ንዝረት ግን ያን ጊዜ ወደ ካምቢዮው ይሄዳል።

ከመገጠሙ በፊት አዲሱም ሆነ የተላገው ፊት ከዘይትና ከብረት ብናኝ መጽዳት አለበት፤ አዲስ ቮላኖ ዝገት መከላከያ ተቀብቶ ይመጣልና። ከበስተጀርባው ያለው የሞተሩ የዘይት ማገጃ ጎማ የሚያፈስ ከሆነ በዚያው ይቀየር፤ በዘይት የራሰ ሸራ ተጠርጎ አይድንም።