ቪዲዮ ከካሜራ ወደ ፎቶግራፍ ማስተካከያ ሶፍትዌር አልገባ ሲል

ዕቃ ወደ ውጭ አገር የሚልክ ነጋዴ፥ ቡናው ወይም ሰሊጡ በኮንቴይነር ሲጫንና ሲታሸግ በቪዲዮ አስቀርጾ ያስቀመጠ እንደሆነ፥ ኋላ ከገዢው ጋር ለሚነሣ ክርክር ማስረጃ ይሆነዋል። ኮንቴይነሩ ታሽጎ ወደ ጅቡቲ ከተጓዘ ወዲያ ግን ቀረጻውን መድገም አይቻልም። ስለዚህ ቪዲዮው ወደ ኮምፒዩተር አልገባ ሲል ብዙዎች ይደነግጣሉ፤ «ካርዱ ተበላሽቷል» ብለው ወዲያው ፎርማት የሚያደርጉም አሉ። ከዚህ የከፋ እርምጃ የለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ቪዲዮው በካርዱ ላይ በደኅና ተቀምጦ ሳለ የሚጠፋው በዚሁ ነው።

ላይትሩምን የመሰሉ ሶፍትዌሮች በመሠረቱ የተሠሩት ለፎቶግራፍ ነው። ላይትሩም ቪዲዮ መቀበል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው 3ኛ እትሙ ሲሆን፥ ዛሬም ቢሆን የሚቀበለው የተወሰኑ ዓይነቶችን ነው። ፋይሉን ለማንበብ አልተቻለም የሚል ማስታወቂያ ቢያወጣ፥ ቪዲዮው ጠፍቷል ማለቱ አይደለም።

የችግሩን ምንጭ ለመለየት ሶፍትዌሩን ለጊዜው መተው ይሻላል። ካርዱ ከካሜራው ወጥቶ፥ በጎኑ ያለችው ትንሽ መቆለፊያ ተዘግታ፥ በካርድ ሪደር አማካይነት በውስጡ ያለው ሁሉ ከነፎልደሮቹ ወደ ኮምፒዩተሩ ይገልበጥ። ከዚያም ቪዲዮው ቪ.ኤል.ሲ. በተባለው ነፃ ማጫወቻ ይከፈት። በትክክል የታየ እንደሆነ ጉድለቱ የሶፍትዌሩ ነው፤ መገልበጡ በመካከል የተቋረጠ እንደሆነ ግን ካርዱን ወይም ሪደሩን መጠርጠር ይገባል።

ፎቶግራፎቹ ገብተው ቪዲዮዎቹ ብቻ የቀሩ እንደሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የቦታ ጉዳይ ነው። ካሜራዎች ፎቶግራፍን የሚያኖሩት ዲ.ሲ.አይ.ኤም. በተባለው ፎልደር ነው። ብዙዎቹ የሶኒ ካሜራዎች ግን ኤክስ.ኤ.ቪ.ሲ. ኤስ. የተባለውን ቪዲዮ የሚያስቀምጡት «ፕራይቬት» በሚለው ፎልደር ሥር፥ «ኤም4ሩት» ከሚለው ውስጥ፥ «ክሊፕ» በሚባለው ነው። ሶኒና ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ኤ.ቪ.ሲ.ኤች.ዲ.ም እንዲሁ ራሱን የቻለ የፎልደር ሥርዓት አለው። ሶፍትዌሩ ዲ.ሲ.አይ.ኤም.ን ብቻ ከተመለከተ ቪዲዮውን አያገኘውም። የተገለበጠውን ፎልደር ራስዎ መርጠው እንዲያስገባ ማዘዝ ይበቃል።

ሁለተኛው ምክንያት የአቀራረጹ ዓይነት ሲሆን፥ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በዚህ ነው። ኤም.ፒ.4 የሚለው ስም እንደ ጆንያ ነው፤ ጆንያው አንድ ሆኖ በውስጡ የታጠበ ቡናም ጀንፈልም ሊኖር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን ኤች.264 የማያነብ ኮምፒዩተር ዛሬ ማግኘት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ኤች.265፥ በሌላ ስሙ ኤች.ኢ.ቪ.ሲ.፥ ቦታ ይቆጥባል፤ ነገር ግን አሮጌ ኮምፒዩተሮችን ያስቸግራል፤ በአንዳንድ የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮችም ላይ በጥቂት ገንዘብ የሚሸጥ ተጨማሪ ክፍል ካልተጫነ አይከፈትም። አይፎን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ይህንኑ አቀራረጽ ስለሚጠቀም፥ በስልክ ለሚቀርጹ ሱቆች «ካሜራ» ከዚያም «ፎርማትስ» በሚለው ሥር «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን መምረጥ ይጠቅማል። አስቀድሞ የተቀረጸውን ደግሞ ሃንድብሬክ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ወደ ኤች.264 ይለውጠዋል፤ ዋናው ቅጂ ግን አይጣል፤ ማስረጃነቱ የርሱ ነውና።

ባትሪው በቀረጻ መካከል ያለቀ እንደሆነ ፋይሉ ሳይዘጋ ይቀራል። ካርዱን ወደዚያው ካሜራ መልሶ ማብራት አንዳንዴ ይረዳል፤ ካሜራው ራሱ ልጠግን ብሎ ይጠይቃል።

እስከ 32 ጊጋባይት በሚደርሱ ካርዶች ላይ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት ማለፍ ስለማይችል፥ ረዥም ቀረጻ ተከፋፍሎ ይቀመጣል። የጭነቱ ቪዲዮ ከመካከል የተቆረጠ የሚመስለው ቀጣዩ ክፍል ሳይገለበጥ ሲቀር ነው።

ካርድ ለሚያስመጡና ለሚሸጡ ነጋዴዎች ከሁሉ የሚያሳስበው የሐሰተኛ ካርድ ነገር ነው። በላዩ 128 ጊጋባይት የተጻፈበት ካርድ እውነተኛ መጠኑ ከዚያ እጅግ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ኮምፒዩተሩም የተጻፈውን አምኖ ያሳያል፤ የመጀመሪያዎቹ ቪዲዮዎች በደኅና ይታያሉ፤ ከእውነተኛው መጠን በላይ የተቀረጸው ግን አይነበብም። ደንበኛው ካሜራውን ሲወቅስ ይኖራል። ኤች2ቴስትደብሊው የተባለው ነፃ መመርመሪያ ካርዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቶ መልሶ በማንበብ ይህን ያጋልጣል። ምርመራው ሰዓታት ሊወስድና ባዶ ካርድ የሚጠይቅ ስለሆነ፥ ከእያንዳንዱ ካርቶን ጥቂት ካርዶችን ለናሙና ወስዶ፥ ለአቅራቢው ቀሪው ሒሳብ ከመከፈሉ አስቀድሞ መፈተን ይቻላል።